የሚገማው አበባ ለምን ይነቀላል?

አማርኛችን ለአፍንጫ የሰጠው ቃል ጥቂት አይደለም። ደስ የሚያሰኘውን «መዓዛ» እንለዋለን፤ መልካምም ክፉም ያልሆነውን «ጠረን» ወይም «ሽታ» ብለን እናልፈዋለን፤ የማያስደስተውን ግን «ግማት»፣ «ክርፋት»፣ «ጥንባት» እያልን በየደረጃው እናስቀምጠዋለን። ከእነዚህም ከኋለኞቹ ቃላት ስድብ የማይወጣው የለም። «ግም» ወይም «ጥንብ» የተባለ ሰው ስለ ገላው ንጽሕና የተነገረው አይመስለውም፤ ሰውነቱ በሙሉ እንደ ተዋረደ ያውቃል። እንግዲህ በእኛ ዘንድ አፍንጫ ምስክር ብቻ ሳይሆን ዳኛም ጭምር ሆኖ ተሹሟል ማለት ነው። እኔ በዚች ጽሑፍ የምከራከረው ይህ ዳኛ ብቻውን ተቀምጦ ሊፈርድ አይገባውም ብዬ ነው። ለክርክሬም የማቀርበው ባለጉዳይ በጓሮ የሚተከል አንድ አበባ ነው።

ይህ አበባ በሳይንስ ስሙ ሳውሮማቱም ቬኖሱም ይባላል። የመጀመሪያው ቃል የመጣው እንሽላሊት ከሚለው የግሪክ ቃል ነው፤ አበባውን የሚሸፍነው ቅጠል መሳይ ነገር እንደ እንሽላሊት ቆዳ ዝንጉርጉር ስለ ሆነ ነው። ቤተሰቡ ለአንባቢ እንግዳ አይደለም። አሞጭ ዘመዱ ነው፤ በደቡብ የሚበላው ጎደሬ ዘመዱ ነው፤ ሙሽሮች የሚታቀፉት ነጩ የካላ አበባም ዘመዱ ነው። አገሩም ሩቅ አይደለም። በኢትዮጵያና በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ይበቅላል፤ ባሕሩን ተሻግሮ በየመን፣ ከዚያም አልፎ እስከ ሕንድና እስከ ሂማላያ ግርጌ ድረስ ይገኛል። ጥላ ያለበትንና እርጥበት የማይለየውን የወንዝ ዳርቻ ይወዳል።

ጠባዩ ግን ከዘመዶቹ ለየት ያለ ነው። ከመሬት በታች እንደ ድንች ያለ፣ ጠፍጠፍ ያለ ሥር አለው። በበጋው ወራት ከላዩ ምንም የሚታይ ነገር ስለሌለ የሞተ ይመስላል። ጊዜው ሲደርስ ቅጠሉን ሳያወጣ በፊት አበባውን ያወጣል። አበባውም ረጅም፣ ቢጫ መሳይ፣ ጥቁር ሐምራዊ ነጠብጣብ የፈሰሰበት ሽፋን ሲሆን፣ ከመካከሉ እንደ ጅራፍ የቀጠነ ጥቁር ዘንግ ይወጣል። ከተቆፈረ በኋላ ደርቆ በመስኮት ላይ የተቀመጠ ሥር እንኳ ያለ አፈርና ያለ ውኃ ማበቡ የታወቀ ነው፤ በአውሮፓ የአበባ ነጋዴዎች እንደ ጉድ የሚሸጡትም ለዚህ ጠባዩ ነው። አበባው ካለፈ በኋላ አንድ ቅጠል ብቻ ይወጣል፤ ቅጠሉም እንደ ተዘረጋ እጅ የተከፋፈለ፣ አገዳው ዝንጉርጉር የሆነ፣ ለዓይን እጅግ ያማረ ነው። ይህ ቅጠል ወራት ይቆያል። ሽታው ግን አበባው በሚከፈትበት ቀን ለጥቂት ሰዓቶች ብቻ የሚቆይ ነው።

ስለ ሽታው ልደባብቅ አልፈልግም፤ ይገማል። የሚገማውም እንደ በሰበሰ ሥጋና እንደ እበት ነው። ባለፈው ዓመት እኛ ከሌሎች ሦስት ቤተሰቦች ጋራ በምንኖርበት ግቢ ውስጥ፣ አክስቴ ከገጠር አምጥታ በአጥሩ ሥር የተከለችው ይህ አበባ በአንድ ጠዋት ተከፈተ። ጎረቤቶቻችን የሞተ አይጥ ፍለጋ ጓሮውን በሙሉ አሰሱ፤ የውኃ መውረጃውን ቦይ ከፈቱ፤ አንዲት ጎረቤታችንም እናቴን «እትዬ፣ ኧረ ድመት ሞቶ ይሆናል፣ ጣራውን ይታይ» አሏት። በመጨረሻ ምክንያቱ አበባ መሆኑ ሲታወቅ ሁሉም ሳቁ፤ ከሳቁም በኋላ ይነቀል ብለው ፈረዱ። በማግሥቱ ማለዳ ሽታው ጠፍቶ ነበር፤ ፍርዱ ግን አልተሻረም፤ ሥሩ ተቆፍሮ ከቆሻሻ ጋራ ሄደ። በጎረቤቶቼ ላይ ቂም የለኝም። ነገር ግን ነገሩ እኔን ሲያሳስበኝ ከርሟል፤ የተነቀለው ተክል አንድ ቢሆንም የተነቀለበት ምክንያት በብዙ ቦታ የሚሠራበት ነውና።

በመሠረቱ ይህ ግማት በከንቱ የሚወጣ አይደለም። የዚህ አበባ ባለሟሎች ንቦችና ቢራቢሮዎች አይደሉም፤ ጥንብና እበት የሚከተሉ ጥንዚዛዎችና ዝንቦች ናቸው። ተክሉ እነርሱን ለመጥራት የእነርሱን ቋንቋ ይናገራል። በሚከፈትበት ዕለት ከንጋት በኋላ ጥቁሩ ዘንግ መሞቅ ይጀምራል፤ ሙቀቱም ከአካባቢው አየር ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊበልጥ ይችላል። እጣን በፍም ላይ ሲጣል እንደሚጨስ፣ ሽታውም በዚህ ሙቀት ተንኖ ይሰራጫል። ነፍሳቱ ምግብ ያገኙ መስሏቸው ወደ አበባው ሆድ ይገባሉ፤ እዚያም ታስረው ያድራሉ። በመጀመሪያው ቀን ዱቄት ለመቀበል የሚዘጋጁት ሴቴዎቹ አበቦች ናቸው፤ ወንዴዎቹ ዱቄታቸውን የሚያፈሱት ቆይተው ነው። ስለዚህ እንግዶቹ ከሌላ አበባ ያመጡትን ዱቄት ለሴቴዎቹ ሰጥተው፣ አዲስ ዱቄት ተሸክመው ይወጣሉ። ከቀትር በኋላ ዘንጉ በርዶ ይለዝባል፤ የሽታውም ዘመን ያልፋል።

እንዲህ ያለውን ሙቀት ሰዎች ማስተዋል የጀመሩት ዛሬ አይደለም። ፈረንሳዊው ሊቅ ላማርክ በ1778 እ.ኤ.አ. በዚሁ ቤተሰብ በሚቆጠር በሌላ ተክል ላይ ሙቀቱን አይቶ ጽፏል። በ1937 እ.ኤ.አ. ፋን ኸርክ የተባለ የሆላንድ ተመራማሪ፣ የእኛኑ አበባ መርምሮ፣ ዘንጉን የሚያሞቅ አንድ የተሰወረ ንጥረ ነገር በተክሉ ውስጥ መኖር አለበት አለ። ምን እንደ ሆነ ግን ለ50 ዓመት ያህል አልታወቀም ነበር። በሲያትል ከተማ በሚገኘው በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ባስቲያን ሜውሴ ይህን የሚገማ አበባ ለብዙ ዓመታት ሲያጠና ኖረ፤ በመጨረሻም በ1987 እ.ኤ.አ. እሱና ኢሊያ ራስኪን ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋራ ሆነው ምሥጢሩን ገለጡት። ንጥረ ነገሩ ሳሊሲሊክ አሲድ ነበር። ይኸውም ሁላችንም ራስ ምታት ሲይዘን የምንውጠው አስፕሪን የሚሠራበት መነሻ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1990 እ.ኤ.አ.፣ ሌሎች ተመራማሪዎች ይኸው ሳሊሲሊክ አሲድ ተክሎች በሽታ ሲይዛቸው ራሳቸውን ለመከላከል የሚጠቀሙበት የውስጥ መልእክተኛ እንደ ሆነ አሳዩ። ዛሬ የሰብል በሽታን የሚያጠና ተማሪ ሁሉ ይህን ይማረዋል።

ልብ በሉ። በእኛ ወንዝ ዳር የሚበቅለው ተክል፣ ሌላው ዓለም አፍንጫውን ይዞ ስላጠናው ብቻ ትልቅ እውቀት አስገኘ። «የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» የሚባለው ለዚህ ነው። ነገር ግን የራሳችንን ሊቃውንት መበደል አይገባኝም። በ1980 እ.ኤ.አ. የተጀመረውና በ2009 እ.ኤ.አ. የተፈጸመው፣ የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት የመመዝገብ ሥራ 6,000 ያህል የዕፅዋት ዓይነቶችን መዝግቧል። መዝጋቢዎቹ መዓዛው ያማረውን ከሚገማው አልለዩም፤ ሁሉንም በእኩል ዓይን ጻፉ። እነርሱ በመጽሐፍ ያኖሩትን እኛ ከጓሮ የምንነቅለው ከሆነ፣ ነገ መጽሐፉ ስለ ሙታን የተጻፈ ታሪክ ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የአፍንጫ ፍርድ ከጓሮ አልፎ ወደ ሰው ይሄዳል ብዬ እፈራለሁ፤ ፍርሃቴም ያለ ምክንያት አይደለም። ቆዳ የሚፍቀው ሰው በአገራችን ሲናቅ ኖሯል። ከናቁትም ምክንያቶች አንዱ የሥራው ሽታ ነበር። ነገር ግን የናቀው ሁሉ በቁርበቱ ላይ ይተኛል፤ በጠፍሩ ጭነቱን ያስራል፤ በአቁማዳው እህሉን ይይዛል። የግዕዝ መጻሕፍቶቻችን የተጻፉበት ብራና እንኳ መጀመሪያ ተዘፍዝፎ የከረፋ የፍየል ቆዳ ነበር። በብራናው ላይ ያለውን ቃል ተሳልመን ብራናውን ያዘጋጀውን እጅ ተጸየፍን። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅ እንዳይሰደብ አዋጅ ማስነገር ያስፈለጋቸው ነገሩ ምን ያህል ሥር እንደ ሰደደ ያሳያል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ንቀቱ ግን ፈጽሞ ከልባችን ወጥቷል ብሎ የሚምል ተማሪ በመካከላችን ቢኖር ልሰማው እወዳለሁ። አበባ የሚነቅል ሁሉ ሰው ይንቃል ማለቴ አይደለም። ሆኖም «ይገማል» ማለት ብቻውን በቂ ፍርድ መስሎ ሲታየን፣ ጥቅሙን ሳንመረምር መዝገቡን ዘግተናል።

ደግሞስ አፍንጫችን ራሱ የታመነ ዳኛ ነውን? ከጥርኝ የሚወጣውን ዝባድ እንመልከት። አገራችን ለብዙ ዘመን በቀንድ ሞልታ ወደ ውጭ ስትልከው ኖራለች። ዝባድ እንዳለ ሲሸት ያቅለሸልሻል፤ በጥቂቱ ተበርዞ ሲገባ ግን የውድ ሽቶ መሠረት ሆኖ የፓሪስን ወይዛዝርት ሲያስጌጥ ኖሯል። ጥርኙን በጎጆ ማጎሩ ተገቢ ነው አይደለም የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ እኔ የማነሣው ስለ አፍንጫ ብቻ ነው። እንደዚሁም በዚህ አበባ ሽታ ውስጥ የሚገኘው ኢንዶል የተባለ ንጥረ ነገር በጃስሚን አበባ መዓዛ ውስጥም በጥቂቱ ይገኛል። ጤና አዳምን ቡና ውስጥ ጨምረን ስንጠጣ ደስ ይለናል፤ ያልለመደው እንግዳ ግን ፊቱን ሲያዞር አይተናል። በአንጻሩም አገራችን በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥሎ ወደ ውጭ ከምትልካቸው ጽጌረዳዎች ብዙዎቹ በአበባ ማስቀመጫ ውስጥ ረጅም ቀን እንዲቆዩ ተብለው የተዳቀሉ ስለ ሆኑ ይህ ነው የሚባል መዓዛ የላቸውም። ስለዚህ ስለ አበባ ያለን አሳብ በመዓዛ ላይ የቆመ ነው ማለት እንኳ እውነት አይደለም፤ በልማድ ላይ የቆመ ነው።

ተቃዋሚዎቼ የሚሉትን ከወዲሁ እሰማለሁ። «አገሩ ስንት ችግር እያለበት አንተ ስለ ግም አበባ ትጽፋለህን?» የሚለኝ አይጠፋም። ለዚህ የምመልሰው ከችግሩ ራሱ ነው። አሞጭ በክፉ ዘመን ሥሩ በጥንቃቄ ተዘጋጅቶ ሲበላ የኖረ የረሃብ መሸጋገሪያ ነው። የኮንሶም ሰዎች በጋና የሚሉትን፣ አበባው የሚገማውን የዚሁ ቤተሰብ ተክል ሥር ለረጅም ጊዜ ቀቅለው ይበሉታል። በሕንድ አገር በኬረላ ቼና የሚባለው ዘመዱ የሚያበቅለው አበባ ሬሳ ሬሳ የሚሸት ሆኖ ሳለ፣ በየጓሮው ተተክሎ ሥሩ በምሳ ገበታ ላይ ይቀርባል። ጃፓኖችም ኮንጃክ ከሚባለው ሌላው ዘመዱ ኮንያኩ የሚሉትን ምግብ ይሠራሉ። እነዚህ ሁሉ ሥሮች በጥሬያቸው አፍና ጉሮሮ የሚያቃጥሉ ናቸው፤ በውስጣቸው እንደ መርፌ የሾሉ ጥቃቅን የካልሲየም ኦክሳሌት ቅንጣቶች አሉና። የትኛው እንደሚበላ፣ የትኛው እንደማይበላ፣ እንዴት እንደሚዘጋጅ የሚያውቁት በአብዛኛው በዕድሜ የገፉ እናቶችና አባቶች ናቸው። ልጅ ይህን እውቀት የሚቀበለው ተክሉን በዓይኑ እያየ ነው። ተክሉ ከጓሮ ሲጠፋ ትምህርቱም አብሮ ይቋረጣል፤ ክፉ ዘመን ሲመጣ የሚጠየቅ ሰው አይገኝም። ስለዚህ ጉዳዩ የአበባ ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የጎረቤት ነው፤ ይህንንም አልንቀውም። በአንድ አጥር ውስጥ ተጠጋግቶ የሚኖር ሰው በሌላው አፍንጫ ላይ ማዘዝ አይችልም። ሠርግ ወይም ተዝካር በተደገሰበት ቀን አበባው ቢከፈት ለባለቤቱ እንኳ ያሳፍራል። ነገር ግን መፍትሔ አለው። አበባው ከመከፈቱ በፊት ዘንጉን የያዘው ቀንበጥ ብቅ ስለሚል ቀኑ መቅረቡ ይታወቃል፤ ለጎረቤት አስቀድሞ መንገር ይቻላል። በቃሬዛ ሣጥን ወይም በቆርቆሮ የተተከለ ከሆነ ለዚያች ቀን ወደ ጓሮ ጥግ ይወሰዳል። ከዚህም ሁሉ በኋላ ጎረቤት እምቢ ካለ፣ ቀንበጡን በቢላ ቆርጦ ሥሩን መተው ይበቃል፤ ያን ጊዜ ሽታው ይቀራል፤ ያ የሚያምረው ቅጠል ግን ይወጣል። ከተከራከርንባቸው ነገሮች ሁሉ መካከለኛ መንገድ የተገኘለት እንዲህ ያለ ቀላል ነገር ጥቂት ነው። እኛ ግን መካከለኛውን መንገድ ሳንፈልግ ቀጥታ ወደ ዶማው እንሮጣለን።

ሦስተኛው ተቃውሞ ስለ ሕፃናትና ስለ ከብት ነው። ይህ ተገቢ ነው። ከላይ እንደ ተናገርሁት የዚህ ተክል ሥርም ቅጠልም በጥሬው ያቃጥላል፤ ስለዚህ ሕፃን በሚድህበት፣ ፍየል በሚታሰርበት ቦታ መትከል አይገባም። የነካውም ሰው እጁን ይታጠብ። ዘመዶቹ ይበላሉ ተብሎ ይህኛውን የሚቀምስ ሰው እንዳይኖር አጥብቄ እናገራለሁ። ይህ ጥንቃቄ ግን ለእርሱ ብቻ የሚያስፈልግ አይደለም፤ በየቢሮው ደጃፍ በማሰሮ ተተክለው ከምናያቸው የውጭ አገር ቅጠላ ቅጠሎች መካከልም የሚያቃጥሉ አሉ፤ ነጩ ካላ ራሱ እንደዚሁ ነው። ለእነርሱ ይነቀሉ ያለ ሰው አልሰማሁም።

አሁን መትከል ለሚፈልግ ሰው ጥቂት ልንገር። ሥሩን ከዱር ገብቶ በጅምላ መቆፈር ነውር ነው፤ በእናቲቱ ሥር ዙሪያ ትንንሽ ልጆች ይወጣሉና፣ ካለው ሰው አንዲት መለመን ይበቃል። ግማሽ ጥላ ያለበት ቦታ ይመረጥ፤ የአጥር ጥግ ወይም የትልቅ ዛፍ ሥር ይስማማዋል። አፈሩ የበሰበሰ ፍግ የገባበትና ውኃ የማይቋጥር ይሁን። ሥሩ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ጠልቆ ይቀበር። ቅጠሉ በሚታይበት ወራት ውኃ ይወዳል፤ ቅጠሉ ሲጠወልግ ግን ውኃውን መተው ያስፈልጋል፤ በዕረፍቱ ጊዜ ረግረግ ውስጥ ከተቀመጠ ይበሰብሳል። ትንሹ ልጅ እስኪያብብ ድረስ ዓመታት ሊወስድ ይችላልና ትዕግሥት ይኑር። ቦታውም በእንጨት ምልክት ይደረግበት፤ ያለበለዚያ በበጋ ባዶ መሬት መስሎ ሌላ ይተከልበታል።

በመጨረሻ ለተማሪዎች ኅብረት አንድ አሳብ አቀርባለሁ። በየሕንጻው ዙሪያ ያሉት የአበባ መደቦች ጽጌረዳና የተከረከመ ሣር ብቻ እንዲይዙ የሚያዝ ሕግ የለም። ከእነርሱ አንዲቱን መደብ፣ ከመስኮቶች ራቅ ያለችውን፣ ለአገራችን የተናቁ ዕፅዋት እንለምን። በዚያ አሞጭም፣ ይህ ዝንጉርጉሩ አበባም፣ ስማቸው የተረሳ ሌሎችም ይተከሉ። በእያንዳንዱ አጠገብ ስሙ፣ አገሩ፣ ጥቅሙና አደጋው በአማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች ይጻፍ። የሳይንስ ተማሪዎች ሙቀቱን ይለኩ፤ የእኛ ፋኩልቲ ተማሪዎች በየአገራቸው ምን ተብሎ እንደሚጠራና እንዴት እንደሚዘጋጅ ከአዛውንቶች ጠይቀው ይመዝግቡ። ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ዶማ፣ ጥቂት እንጨትና ጥቂት ቅዳሜዎች ይበቃሉ። አበባው በሚከፈትበትም ቀን ምሳችንን ከሌላ ወገን ተቀምጠን መብላት አያቅተንም።